መቶ ዐሥራ አራት ቁጥር ፉርጎ

«እጁን እግዜር ሰጥቶታል፤ ራሱን ግን እኔ ነኝ የማስብለት።»

ይህን የተናገረው የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል፣ ቦታው የባቡር ጥገናው ግቢ። ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። እሱ የጥገናው ኃላፊ፣ ኢንጂነር፤ እኔ አናጢ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ እንግዳ፣ ውስጡን በአዲስ ጣውላ የለበጥኩትን ፉርጎ በመዳፉ እየዳበሰ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀ። አማቼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ያቺን ቃል ተናገረ። እንግዳው ሳቀ። እንግዳው ሲስቅ የቀሩትም ሳቁ። እንግዳውን ሳልጨምር ዐሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከዐሥራ አንዱ አራቱ ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ፣ አፈርም አልብሻለሁ፤ ከልቤ ግን አላለቀስኩም።

አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት። ደብቄው አላውቅም። ነገር ግን ያ ጣውላ ዝናብ ሲጠጣ እንዳያብጥና እንዳይፈነዳ እንዴት እንደሚነባበር ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ አሰብኩት፣ ምሳ እየበላሁ አሰብኩት። ማንም አላሰበልኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እኔ የምለው ደግሞ፣ የወጋው ሰው መርሳቱ ራሱ ሁለተኛ ጦር ነው። በማግስቱ ቤታችን መጥቶ ራት በላ። ምንም እንዳልተፈጠረ «ጨው አቀብለኝ» አለኝ። እኔም አቀበልኩት፤ «ይኸው፣ ይውሰዱ» ብዬ። እስከዚያ ቀን በሥራ ላይ «እርስዎ»፣ ቤት ውስጥ «አንተ» ነበር የምለው፤ ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ «እርስዎ» ሆነ። እሱ አክብሮት መሰለው። እንዲያውም ለእህቱ «ባልሽ እየበሰለ ነው» አላት አሉ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው። ወረቀቱ የኔ ነው።

ሚስቴ ነገሩን ታውቃለች። በተነሳ ቁጥር «ተወው እባክህ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ፤ ምን እንደሚነቅዝ አውቃለሁ። ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ በጣት ብትጫነው ጣትህ ይገባል።

ባለፈው ዓመት አማቼ ጡረታ ወጣ። እኔ ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሜ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ የጎረቤት ወንበር እጠግን ነበር። አንድ ቀን ሚስቴ ከሱ ቤት ተመልሳ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች፦

«ጋሼ ይፈልግሃል» አለችኝ።

«ምን ጠፋበት?»

«ፉርጎ።»

«ፉርጎ! ጓሮው ውስጥ ፉርጎ ሊያቆም ነው?»

«ትንሽዬ ነው አለ። የምትሄድ። ሐዲዱን ዘርግቶ ጨርሷል።»

«በዚህ ዕድሜው መጫወቻ?»

«አንተስ በዚህ ዕድሜህ ቂም?» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሄድኩ። ሐዲዱ አበባውን ዞሮ፣ በሎሚው ዛፍ ሥር አልፎ፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ታጥፎ ተመልሶ ይገጥማል። ስፋቱ ከአራት ጣት አይበልጥም። አማቼ በጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ተንበርክኮ፣ በሐዲዱ መካከል የገባውን አሸዋ በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል። ያ የጥገናው መድረክ ላይ ቆሞ ሃምሳ ሰው ያዝዝ የነበረ ሰው! ጎታቿን ባቡር ገዝቷታል፤ ጥቁር ናት፣ በባትሪ የምትሄድ። የምትጎትተው ግን የላትም። ብቻዋን ትዞራለች፣ ዘመድ እንደሌለው ሰው።

«አማቼ! ና፣ ና ተቀመጥ» አለኝ፤ መቀመጫ ግን አልነበረም። ከቤት ንድፍ አምጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋ፤ አራቱን ጥግ በድንጋይ ያዘው። የጥንቱ የመሥሪያ ቤታችን ንድፍ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል።

«መቶ ዐሥራ አራትን ነው የምፈልገው» አለ። «የመጨረሻዋ ሦስተኛ ማዕረግ። ቆራርጠው ለብረት አቅላጭ ሰጧት እኮ! ከዓለም ላይ የለችም። ይቺን የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ከባዶ ተነስተህ ነው የምትሠራልኝ።»

«እያየሁት ነው።»

«የእውነቷ ሃያ ሁለት ሳንቲም ተኩል፣ ያንተዋ አንድ ሳንቲም። ማካፈሉ እንዳያስቸግርህ እኔው ሠርቼልሃለሁ፤ በቀይ የተጻፈው ነው። አንተ ንድፉን ብቻ ተከተል። ከራስህ ምንም እንዳትጨምር።»

«እሺ፣ እንዳሉ።»

«ሲያልቅ የጥገናውን ሰዎች በሙሉ እጠራለሁ። በሕይወት ያለውን ሁሉ።»

ከልቤ እሺ ያልኩት በዚህች የመጨረሻ ቃል ምክንያት ነው። ከዐሥራ አንዱ ሰባት ቀርተዋል፤ አንዱ አማቼ ራሱ ነው። ከስድስቱ አንዱ አልጋ ላይ ነው፣ አምስቱ መራመድ ይችላሉ። ከአማቼ አንዲት ቃል ነበር የምፈልገው። «ይሄን ያሰበው እሱ ነው» የምትል፣ በነዚያ አምስት ሰዎች ፊት። ይቅርታ እንኳ አልተመኘሁም። ያቺን ቃል ብቻ።

አምስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ቀዩን ጽሑፍ መረመርኩ። ዐሥራ ሁለት ሜትሯ ፉርጎ ሃምሳ ሦስት ሳንቲም ከሦስት ሚሊ ትሆናለች፤ ይሄ ልክ ነው። የበሩን ቁመት ግን ተሳስቷል፤ ስምንት ከአራት መሆን ያለበትን ዘጠኝ ከአራት ብሎታል። በሱ ቁጥር ብሠራ በሩ ጣሪያውን በርቅሶ ይወጣ ነበር። ምንም ሳልል በትክክለኛው ሠራሁ።

ለግድግዳው የአሮጌ መሳቢያ ወለል ፈልጌ በመላጊያ እስኪሳሳ ላግሁት፤ ወደ መስኮት ብታነሳው ብርሃን ያሳልፋል። ለጣሪያው የወተት ዱቄት ጣሳ ቀድጄ፣ ብረቱን በጠርሙስ ላይ እያንከባለልኩ ጎበጥ አደረግሁት። የእውነቷ ፉርጎ ጣሪያ ላይ በችንካር የተመታ መስመር አለ። ያንን ለማምጣት በደነዘዘ መርፌ ከብረቱ ጀርባ ነካ፣ ነካ፣ ነካ። አራት መቶ ሠላሳ ነጥብ። በሁለት መቶኛው ላይ አንገቴ ታሰረ፤ ሦስት ቀን ሰው ሲጠራኝ ከነደረቴ ነበር የምዞረው።

የበር እጀታው ከመርፌ ቁልፍ ሽቦ፣ የዕቃ መደርደሪያው መረብ ከሽንኩርት ከረጢት፣ የመስኮቱ መስተዋት ከአዲስ ሸሚዝ ማሸጊያ። መስኮት ማውረጃዋ የቆዳ ጠፍር ደግሞ ከሰዓቴ ማሰሪያ። ሰዓቱ ከቆመ ቆይቷል፣ አልጎዳኝም። ጎማዎቹን ብቻ አማቼ ገዝቶ ላከልኝ።

የገደለኝ መቀመጫው ነው። ሦስተኛ ማዕረግ ትራስ የለውም፤ ርብራብ እንጨት ነው። ሃያ መቀመጫ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ርብራብ፣ እያንዳንዱ ርብራብ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ። መነጽር በመነጽር ላይ ደርቤ እቆርጣለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ በኮላ እለጥፋለሁ። እጄ ድሮ አይንቀጠቀጥም ነበር። አሁን አንዷን ለመለጠፍ ትንፋሼን ይዤ፣ ክንዴን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቄ፣ እንደ ሌባ ነው የምቀርባት። አንድ ቀን ከሰዓት ከእንቅልፌ ስነሳ የቆረጥኩት ሁሉ የለም።

«እዚህ የነበረው የት ገባ?»

«የቱ?» አለች ሚስቴ።

«ርብራቡ! ስድሳ ምናምን እንጨት!»

«እንዴ፣ ያ ክብሪት አይደለም እንዴ? ራሱ የተቆረጠ ክብሪት ነው ብዬ ጠርጌ ጣልኩት።»

«ራስ የሌለው ክብሪት ምን ይሠራል ብለሽ ነው የሰበሰብኩት?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ አንተ ስትሰበስብ የማትሰበስበው አለ?»

ቆሻሻው ሄዷል። እንደገና ቆረጥኩ። አልተቆጣሁም፣ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ያን ሰሞን ማታ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ርብራብ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ወደ መስኮቶቹ ስመጣ ነገሩ መጣ።

ንድፉ በቀኝ ስምንት፣ በግራ ስምንት ይላል። ፋብሪካው ሲሠራት እንደዚያ ነበረች። እኔ የማውቃት መቶ ዐሥራ አራት ግን በግራ ሰባት ናት። ስምንተኛዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የመጸዳጃው የውኃ በርሜል እያፈሰሰ ስላስቸገረ ወደ ጥግ አዞርነው፤ መስኮቷ ከበርሜሉ ጀርባ ዋለች። አማቼ ዳቦ እየገመጠ መጣ፣ አየ፣ «ዝጋት» አለኝ። በቃ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፣ ንድፉም አልታረመም። ክፈፏን ሳልነቅል መሐሉን በጣውላ ሞላሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቀለም ስትቀባ ያቺ ቦታ ትንሽ ፈዘዝ ትላለች። ተሳፋሪዎች «ዕውሯ» ይሏት ነበር። እስክትቆራረጥ ድረስ ዕውር እንደሆነች ኖረች።

መጋዜን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ንድፉን ልከተል ወይስ ፉርጎዋን? በመጨረሻ ፉርጎዋን ተከተልኩ። ክፈፏን ሠራሁ፣ መሐሏን በቀጭን ጣውላ ሞላሁ፣ አረንጓዴውን ቀለም ለዚያች ቦታ ብቻ በጠብታ ነጭ አፈዘዝኩት። ከውስጥ በርሜሉን ሳይቀር አስቀመጥኩ፤ ከእስክሪብቶ ክዳን ነው የሠራሁት።

ሚስቴ ሻይ ይዛ መጥታ አየችውና «ይሄስ ምን ሆኖ ነው የተደፈነው?» አለች። ነገርኳት።

«ለጋሼ ንገረዋ አስቀድመህ።»

«ለምን ብዬ? ዝጋት ያለኝ እሱ።»

«ከረሳስ?»

«ሲያያት ያስታውሳል።»

«አንተ ሰው» አለች፣ ብርጭቆውን ዘርጋ አድርጋ፣ «ልትፈትነው ነው አይደል?»

አዎ፣ ልፈትነው ነበር። በንድፍ የሌለ ነገር ነው፣ ከማንም የተቀዳ አይደለም፣ ከራሴ ውስጥ ነው የወጣው። እሷን አይቶ ደንግጦ «ይሄን እንዴት አስታወስከው!» ቢል፣ አምስቱ ሰዎች ይሰማሉ። ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

እሑድ ከሰዓት ተሰበሰቡ። አምስቱም መጡ፤ ሦስቱ በምርኩዝ፣ አንዱ በልጁ መኪና። አምስተኛው ፉጨት ነው። ፉጨት የምንለው የባቡሩን ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ጥገናው ግቢ ውስጥ ይውል ስለነበር ከኛ ተቆጠረ። ጥርሱ ከረገፈ ወዲህ ማፏጨት አቅቶታል፤ ስሙ ግን ቀረ። ሚስቴ ሻይ ታዞራለች። እኔ ፉርጎዋን በካርቶን ይዤ ቆምኩ፤ የሰው ሕፃን የያዝኩ ይመስል ማንም አልነካኝም።

አማቼ ከጎታቿ ጋር አያያዛት። ጎታቿ ተንቀሳቀሰች። አበባውን ዞሩ፣ በሎሚው ሥር አለፉ። የእውነቷ ፉርጎ ኩርባ ላይ ትንሽ ዘንበል እንደምትለው፣ የኔዋም ዘንበል አለች። ከዚያ ፉጨት ሻዩን አስቀምጦ ሣሩ ላይ በሆዱ ተኛ።

«አቁማት! አቁማት እስኪ!» አለ። ባቡሩ ቆመ። ጉንጩን ከሐዲዱ አጠገብ አድርጎ በመስኮት ወደ ውስጥ አየ። «ወይኔ ጌታዬ! መቀመጫው! ያ ቂጥ የሚያስተካክል ርብራብ!»

«አንተ መቼ ተቀምጠህበት ታውቃለህ፣ ቆመህ ሰው ስታስነሳ አይደል የኖርከው!» አለው አንዱ።

«እናንተ ትሸሸጉበት የነበረው መጸዳጃስ አለ?»

«አለ» አልኩ።

«ቁልፍ አለው?»

«ይቆለፋል።»

ሳቁ። ይሄኛው ሳቅ ደህና ነበር። ፉጨትን ለሁለት አነሱት፣ ጉልበቱ ላይ ሣር ተለጥፏል። አንዱ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። ወገቤ ላይ የነበረው ድካም ትንሽ ለቀቀኝ፣ አልዋሽም። ሚስቴም ከሻይዋ ቀና ብላ አየችኝ።

አማቼ ያን ጊዜ ንድፉን ይዞ መጣ። መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ በጣቱ እያመለከተ ከቀኝ ጎን ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ስምንት አለ። ራሱን ነቀነቀ። ዞሮ በግራ ቆጠረ። ሰባት አለ። ቆመና እንደገና ቆጠረ። ዕውሯ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። አሁን ነው አልኩ።

ጣቱ እዚያው ቆየች። ጥፍሩ የፈዘዘውን ቀለም ነካ።

«አማቼ፣ አንድ መስኮት ደፍነሃል» አለ።

አምስቱም አዩዋት። አንዱም ሳይቀር ያቺን መስኮት ያውቃታል። ጣውላውን ስመታ ከወዲያ በኩል የያዘልኝ ሰው እዚያው ቆሟል፤ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ያየዋል። ፉጨት «ኧረ ኢንጂነር፣ ያቺ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

አማቼ ንድፉን ዘርግቶ አሳየው። «ይኸው፣ ስምንት።»

ፉጨት ንድፉን አየ፣ አማቼን አየ። «እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ፣ «ትኬት ነው የቆረጥኩት።»

ሚስቴን አየኋት። እሷ ታውቃለች፤ በራሴ አፍ ነግሬያታለሁ። «ጋሼ» አለች፤ እሱ ቀና ብሎ «ወይ» አላት። ያን ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሻይ ልድገምልህ?» አለችው።

አማቼ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ንድፉን አጠፈና በክንዱ አንገቴን አቅፎ ወደ ሰዎቹ አዞረኝ። የለበሰው ሹራብ የናፍታሊን ሽታ አለው።

«ምንም አይደል» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዕድሜ ነው፣ ሁላችንም ጋ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ መስኮት አይወቀስም። እኔ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

አጨበጨቡ። ያውም ሞቅ አድርገው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ነገር መጣ፤ አድራሻውን ስቶ። ክንዱ ከበደኝ። መልስ አጥቼ አይደለም። አልጋ ላይ ያዘጋጀሁት፣ አውቶቡስ ውስጥ ያሳመርኩት፣ በርብራብ መካከል የቀጠልኩት መልስ ሞልቷል። ዳቦውን ሳይቀር፣ ዳቦው የቱ ጉንጩ ውስጥ እንደነበር ሳይቀር አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት ሦስት ሰዓት አይበቃኝም። ግን እነዚያን አምስት ሰዎች አየኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ሻይ ይዘዋል፣ ወደ ቤታቸው የሚወስዳቸውን ሰው ይጠብቃሉ። እኔም ደከመኝ። ከአንገቴ እስከ ጣቴ ጫፍ ደከመኝ።

«ቅዳሜ መጥተህ ትከፍታታለህ» አለኝ፣ ክንዱን እያነሳ። «መጋዝ እዚህ አለ፣ ሳታወርዳት እዚሁ ትጨርሳታለህ። አይደል? ምን ትላለህ አማቼ?»

መነጽሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ባዶውን ካርቶን ከሣሩ ላይ አነሳሁ። በሩ ከሐዲዱ ወዲያ ነው፤ ስደርስ እንደገና ያስነሱት ባቡር እየዞረ መጣ። የሰው ቁመት ይዞ፣ ካርቶን ታቅፎ፣ ሃምሳ ሳንቲም ባቡር እስኪያልፍ የሚቆም ሰው ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። ቆምኩ። በግራ ጎኗ ነው ያለፈችው፤ መስኮቶቿን አልቆጠርኩም።

«ምን ትላለህ? ቅዳሜ?» አለ ከኋላዬ።

ሐዲዱን ተሻገርኩና የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁ።